ነጩ ወይን አራት ቀን ሲቆይ ቀዩ ለምን በማግሥቱ ይኮመጥጣል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ካላቸው አንዲት እናት ነው። በብርጭቆ የሚሸጡት ቀይ ወይን ማታ ተከፍቶ በማግሥቱ ማታ አቼቶ አቼቶ ይላል፤ አንዳንዴም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ አለው። ነጩ ግን አራተኛው ቀን ላይም ሲቀዳ የሚያማርር የለም። አከፋፋይ ቀየሩ፣ ለውጥ የለም። ከተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ አየር የሚስብ ፓምፕ ገዙ፣ ያው ነው። ባንኮኒው ዙሪያ ትናንሽ ዝንቦች አይጠፉም። ከጥያቄው ጋር የባንኮኒውን ፎቶ ልከውልኛል።

እህቴ፣ ወይኑን አይውቀሱት። አከፋፋዩንም ይተዉት። ፎቶውን እንዳየሁ ዓይኔ ያረፈው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ቀዩ ጠርሙስ ከማኪያቶ ማሽኑ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፣ አፉ ላይ ደግሞ ክዳን የሌለው የብረት ማፍሰሻ ተሰክቶበታል። ያ ማፍሰሻ አንዱ ጠርሙስ ሲያልቅ ሳይታጠብ ወደ ሌላው እንደሚዛወር ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ በሠራሁባቸው ባንኮኒዎች ሁሉ እንዲያ ነበር። ነጩ የዳነው ፍሪጅ ውስጥ በራሱ ቡሽ ተዘግቶ ስለሚያድር ብቻ ነው። ቤቱ አንድ፣ አሳላፊው አንድ፣ ዝንቡም አንድ ሆኖ አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ከዳነ፣ በሽታውን መፈለግ ያለብን ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ነው።

ሽታውም ይህንኑ ይነግረኛል። አየር ብቻ የነካው ወይን መጀመሪያ ፍሬ ፍሬ የሚለውን መዓዛ ያጣል፣ ቀጥሎ ተቆርጦ የዋለ ፖም ይሸታል፤ ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። የእርስዎ ወይን ግን ይህን ሁሉ ዘሎ በአንድ ቀን አቼቶና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላይ ከደረሰ፣ ባክቴሪያው በብዛት ከውጭ ገብቶበታል ማለት ነው። የገባውም በማፍሰሻው ነው ብዬ እወራረዳለሁ። በማፍሰሻው ጉሮሮ ውስጥ የደረቀው የትናንቱ ወይን ለባክቴሪያው ቤት ነው፤ ዝንቦቹም እዚያ ያርፋሉ፣ በእግራቸው ያመላልሱታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ነገር የገባው ሰው ሌላውን ሁሉ ራሱ ይደርስበታል። አቼቶ የሚሠራው ባክቴሪያ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አልኮል፣ ሙቀትና አየር። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይን ወይን የሚያበላሹት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች መሆናቸውን ካሳየ ወዲህ ይህ አከራካሪ አይደለም። አልኮሉ ወይኑ ውስጥ አለ። 12 ወይም 13 በመቶ አልኮል ይገድለዋል ብላችሁ አታስቡ፤ ምግቡ ነው። ሙቀቱን ማሽኑ ይሰጠዋል፤ ባክቴሪያው በጣም የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፣ የጅማ ቀትርና የቡና ማሽን ጎን ደግሞ ይህንኑ ነው። አየሩስ? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጠርሙሱን ዘግቼዋለሁ፣ አየር አይገባም» ይላል። አየሩ እኮ ቀድሞ ገብቷል! 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ግማሹ ሲቀዳ፣ የተቀዳውን ወይን ቦታ 375 ሚሊ ሊትር አየር ይወስዳል። የአየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለችና አየሯ በአምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ከ80 ሚሊግራም የማያንስ ኦክስጅን አለ። የቀረው ወይን በአንድ ጊዜ ሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ከ3 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ወይኑ የያዘውን ይጨርሳል፣ ከላይ ደግሞ ይጠጣል፣ ያንንም ይጨርሳል፣ እንደገና ይጠጣል። ቡሹን በመዶሻ ቢመቱት እንኳ ወይኑን ከነጠላቱ ቆለፉበት እንጂ አላዳኑትም። ሩብ ብቻ የቀረው ጠርሙስ ደግሞ ይብሳል፤ ወይኑ እያነሰ አየሩ ይበዛበታል። አቮካዶ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰፊ ዕቃ ውስጥ ከድነው ቢያስቀምጡት ይጠቁራል፤ ላስቲክ ሥጋው ላይ ለጥፈው ቢሸፍኑት ግን ይቆያል። ወይንም እንዲሁ ነው። የሚያድነው ክዳኑ ሳይሆን በክዳኑና በወይኑ መካከል ያለው ባዶ ቦታ መጥበቡ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ትንሽ ጠርሙስ ነው። 375 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የሚሽከረከር የመስታወት ጠርሙስ አራት አምስት ያዘጋጁ፤ ወይን ወይም ጂን የነበረበት ይሆናል። በፈላ ውኃ ያጥቡት፣ ደፍተው ያድርቁት። ዛሬ ማታ ቀዩን ሲከፍቱ፣ ገና አንድ ብርጭቆ ሳይቀዳ፣ ግማሹን በትንሹ ጠርሙስ ጎን ቀስ አድርገው እያንቆረቆሩ አፉ ድረስ ይሙሉት። ከክዳኑ በታች ከአንድ ጣት የበለጠ ባዶ ቦታ አይተዉ። ክዳኑን አጥብቀው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት። ለማታው ሽያጭ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ይቀርልዎታል፤ ጅማ ውስጥ ወይን በብርጭቆ የሚያዝ ደንበኛ ስንት እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቀዋለን። ይህን በማግሥቱ ማድረግ ዋጋ የለውም። የተከፈተበት ደቂቃ ላይ ነው የሚደረገው።

አሁን አጥብቄ የምለውን ይስሙኝ። በረኪና፣ ላምባ ወይም የአረም መድኃኒት ገብቶበት በሚያውቅ ጠርሙስ ወይን አይቀመጥም። አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይቀመጥም። ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ጠርሙስ፣ ከገበያ የተገዛ ባዶ ጠርሙስም ቢሆን፣ ይጣሉት። በተገላቢጦሹም እንዲሁ፤ ባዶ የወይን ጠርሙስ ውስጥ በረኪና አይቀመጥም። ቀድሞ በሠራሁበት ቤት አንድ ባልደረባችን ከባንኮኒው ሥር የውኃ ጠርሙስ አንሥቶ ተጎነጨ፤ ውስጡ በረኪና ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ተረፈ፣ ጉሮሮው ግን ለወራት አልዳነም። ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም።

ማፍሰሻውን በተመለከተ፣ ይጣሉት። መቀቀል ይቻላል የሚል ይኖራል፤ ሙሉ ብረት ከሆነ እውነት ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ግን አንገቱ ላስቲክ ስለሆነ በፈላ ውኃ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ አዲስ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል። ለአረቄና ለጂን የተሠራ ዕቃ ወይን ላይ ምን እንደሚሠራ ገብቶኝ አያውቅም። ወይን ከጠርሙሱ አፍ ይቀዳል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ በንጹሕ ጨርቅ ትጠረጋለች፣ አለቀ።

ፓምፑም ብዙ አያስቆጭ። ደኅናው ፓምፕ እንኳ አየሩን ሁሉ አያወጣም፤ ርካሹ ደግሞ ውታፉ ስስ ላስቲክ ነው፣ ሌሊቱን ሲያፈስ ያድራል። በዚያ ላይ እንደኛ ከፍ ባለ አገር ውታፉን ከውጭ የሚጫነው አየር ቀለል ስለሚል፣ ቆላ ላይ እንደሚጣበቀው አይጣበቅም። ይፈትኑት፤ ስበው ይዝጉት፣ ሌሊቱን ያሳድሩት፣ ጠዋት ውታፉን ሲነቅሉ «ፉስ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ አየሩ ተመልሶ ገብቷል። «ፉስ» ካለ ይጠቀሙበት፣ ግን ለትንሹ ጠርሙስ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን።

ሌላም የማየው ነገር አለ። በጻፉት መሠረት አሳላፊው ኮመጠጥ ያለውን ወይን ከአዲስ ጠርሙስ ጋር ቀላቅሎ «አስተካክሎ» ያውቃል፤ አንድ ጊዜም ስኳር ጨምሮበታል። እንዲህ ዓይነቱ ጥገና ነው ሥራውን የሚያበላሸው። የተበላሸን ወይን በአዲስ ላይ መጨመር እርሾ ሊጡ ላይ እንደ መጣል ነው፤ ነገ ሁለቱም አቼቶ ይሆናሉ። ስኳሩ ደግሞ ምላስን ያታልል ይሆናል እንጂ አፍንጫን አያታልልም። ልጁን አይቆጡት፣ ግን ያስቁሙት። ፖም ፖም ብቻ የሚለውን ወይን ለአዋዜ ማሸት ይችላሉ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን ግን ይድፉት።

ቡሽ ሲመልሱ ወይኑን ነክቶ የነበረው ጎን ወደ ታች ይግባ፣ አቧራ የነካው ጎን አይግባ። ጠርሙሱ ቆሞ ይደር፤ ከተኛ አየር የሚነካው የወይኑ ገጽ ይሰፋል። ቀዩም ነጩም ፍሪጅ ይግቡ። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» የሚሉት ሰዎች ስለሚቀዳበት ሰዓት እንጂ ስለሚያድርበት አያወሩም።

ከፍሪጅ የወጣ ቀይ ወዲያው ቢቀዳ ጣዕሙ ይደፈናል፣ አፍ ላይም ይሻክራል። አንድ ሰዓት ገደማ አስቀድመው ያውጡት። 16 ወይም 17 ዲግሪ ሲደርስ መዓዛው ይከፈታል። በክፍል ሙቀት ይቀዳ የሚለው ምክር ቀዝቃዛ ቤት ላላቸው አገሮች የተነገረ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ላይ የጅማ ክፍል ሙቀት ወይኑን ያፈላዋል፣ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ነጩ ከ8 እስከ 10 ይበቃዋል።

ለመቅመስ ደግሞ ቦታ ይምረጡ። ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ወይን አይፈተሽም፤ የቡናው መዓዛ እንኳንስ ወይን በርበሬም ይሸፍናል። ጠዋት፣ ቤቱ ሳይሞላ፣ ብርጭቆውን ሽታ በሌለው ውኃ አለቅልቀው ሲሶውን ብቻ ይሙሉት። መጀመሪያ ሳያነቃንቁ ያሽትቱ፣ ቀጥለው አዙረው ያሽትቱ። የጅማ ሰው የቆየ ቡናን ከአዲሱ በአፍንጫው ይለያል፤ ያው አፍንጫ ነው የሚያስፈልገው። እንደ ጉደር ያለ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ገና ሲከፈት መዓዛው ትንሽ ዝግ ቢል አይደንግጡ፤ ሩብ ሰዓት ብርጭቆ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ፍሬው ይወጣል። ያቺ ትንሽ አየር ትጠቅመዋለች። እንደ አክሱማይት ባለ ጣፋጭ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ስኳሩ ኮምጣጣነቱን ይሸፍናልና መበላሸቱ ዘግይቶ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከምላስ ይልቅ አፍንጫን ይመኑ።

ጠርሙሱ ገና ሲነቀል እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡሹ ነው የበከለው፣ እርስዎ ያጠፉት የለም፤ ለአከፋፋዩ ይመልሱት።

እንግዲህ ዛሬ ማፍሰሻውን ያንሡ፣ ባንኮኒውን ከነማሽኑ ሥር በሙቅ ውኃ ይጥረጉ፣ የተረፈ ወይን ያለበትን ብርጭቆ ሁሉ ሌሊት ሳያሳድሩ ያጥቡ፤ ዝንቦቹ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳሉ። ትንሹ ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቀንና ሰዓት ይጻፉ፤ «ወይን» ብለውም ይጻፉበት፣ ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንዳያነሣው። ደግሜ እላለሁ፣ በረኪና የነበረበት ጠርሙስ አይሁን። አንዱን በሁለተኛው፣ አንዱን በአራተኛው ቀን ከፍተው ያሽትቱ። አራተኛው ቀን ላይም አቼቶ ካለ ግምቴ ስቷል ማለት ነው፤ ያኔ የቡሹን ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንሥተው፣ ፍሪጁ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ አሳድረው በቴርሞሜትር የለኩትን ጨምረው ይላኩልኝ።