ዚብራሽ ወይስ ኢንጂን? ሐሳብህ ጌም ከሆነ ከኢንጂኑ ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «የአድዋን ጦርነት የስልክ ጌም ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፤ መጀመሪያ ዚብራሽ ልማር ወይስ በቀጥታ አንሪል ልግባ?» ብለሃል። ከላይ የመለሱልህ ልጆች «ሁለቱንም ተማር» ይሉሃል። ለነሱ ቀላል ነው፤ ጊዜውም ብሩም ያንተ ነው።

የኔ መልስ፦ ኢንጂን፣ ማለትም ጌሙ የሚገነባበትን ሶፍትዌር፣ አስቀድም። ከኢንጂኖቹ አንዱ የሆነውን አንሪልን ግን ተወው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

1ኛ፦ ሁለቱ አንዱ በሌላው የሚተካ ነገር አይደሉም። ዚብራሽ ቅርጽ መቅረጫ ሶፍትዌር ነው፣ ዲጂታል ጭቃ በለው። ትገፋዋለህ፣ ትጎትተዋለህ፣ ትፍቀዋለህ። ሲያልቅ እጅህ ላይ የሚቀረው ሐውልት ነው። አይራመድም፣ አይተኩስም፣ ነጥብ አይቆጥርም። መራመዱ፣ መጋጨቱ፣ ድምፁ፣ «ተሸነፍክ» የሚለው ጽሑፍ፣ ያ ሁሉ ያለው ኢንጂኑ ውስጥ ነው። ዚብራሽ ብቻ ይዞ ጌም ሰሪ ነኝ ማለት ሽንኩርት መክተፍ ለምዶ ዶሮ ወጥ እችላለሁ እንደማለት ነው።

ይህን የነገረኝ አልነበረም። የተመዘገብኩበት ማሰልጠኛ ስሙ ይቅር። በሩ ላይ በትልቁ «የጌም ልማት ስልጠና» ይላል። ብሩን በሙሉ ቅድሚያ ተቀበሉን። ከዚያ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው ዚብራሽ ሆነ። ያውም ክራክ የተደረገ፣ በየመሃሉ የሚዘጋ። ጆሮ ስንቀርፅ፣ ጡንቻ ስንቀርፅ ከረምን። እኔ ሹሩባ የተሰራች ልጅ ሰራሁ። እያንዳንዱን ጉንጉን ለብቻ፣ የነጠላዋን ጥለት ሳይቀር በብሩሽ ቆፈርኩት። አስተማሪው በስልኩ ፎቶ አንስቶ የማሰልጠኛው ገጽ ላይ ለጠፈው። እስካሁን እዚያው አለ፤ የኔ ስም ግን የለበትም።

አንድ ቀን እጄን አወጣሁ። «ይህቺ ልጅ ጌም ውስጥ የምትገባው እንዴት ነው?» አልኩ። አስተማሪው «እሱ ቀላል ነው፣ ኤክስፖርት ነው» አለኝ። በሌላ ጊዜ ደግሜ ጠየቅኩ። «አንተ ልጅ ትቸኩላለህ» አለና ክፍሉን አሳቀብኝ። ቢሮ ገብቼ ኃላፊዋን አናገርኩ። ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳን ሳትል «ሰርተፍኬትህን ትወስድ የለ? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ኢንጂን ከፍቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

2ኛ፦ ያ «ኤክስፖርት» የተባለው ነገር ሙሉ ሙያ ነው። በዚብራሽ የቀረፅከው ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ፖሊጎን (ቅርጹን የሚገነቡት ጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጾች) አለው። የስልክ ጌም ውስጥ አንድ ገፀ ባሕርይ በጥቂት ሺዎች ቢያልቅ ይመረጣል። ስለዚህ በሐውልቱ ላይ አዲስ ቀላል ቆዳ በእጅህ ታለብሳለህ፤ ሪቶፖሎጂ የሚሉት ነው። ከዚያ ያንን ቆዳ ዩቪ ብለው እንደሚጠሩት ዘርግተህ ጠፍጣፋ ታደርገዋለህ። ቀጥሎ የሐውልቱን ሽብሽብና ጉድጓድ ኖርማል ማፕ በሚባል ምስል ላይ ታትማለህ፤ መብራት ሲያርፍበት ጥልቀት ያለው ይመስላል። መጨረሻ ላይ አጥንት ትሰጠዋለህ። ለአጥንቱ የአዶቢው ሚክሳሞ በነፃ ይረዳሃል። ሞዴልህ ግን እጆቹን ከጎኑ ለቀቅ አድርጎ መቆም አለበት። ጦር ወርውሮ፣ ጋሻ መክቶ ከቀረፅከው አጥንት ስታስገባ ብብቱና ትከሻው ይጨማደዳል። ያንተ አርበኞች መቼም ቆመው እንደማይቀሩ አውቃለሁ።

የኔን ልጅ እቤት ወስጄ ዩኒቲ በሚባለው ኢንጂን ውስጥ ስጥላት ላፕቶፑ እንደ ደረቀ ቀረ። ያ ሁሉ ስራ እንደገና። የሚገርመው ስልክ ላይ ስትታይ ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሹሩባው ለዓይን ጥቁር መስመር ነው። ጥለቱማ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ፎቶ አንስተህ ቴክስቸር አድርገህ መለጠፍ ነው። ኢንጂኑን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ የትኛው ዝርዝር ለዓይን እንደሚታይ፣ የትኛው ከንቱ እንደሆነ ሳልቀርፅ አውቅ ነበር። አንተም ጎፈሩን ፀጉር በፀጉር ልትቀርፅ ተነስተህ ይሆናል። እባክህ ቆይ።

3ኛ፦ ላፕቶፑ። እዚህ ላይ የዚብራሽ ደጋፊዎች እውነት አላቸው። ዚብራሽ የሚሰራው በዋናነት በፕሮሰሰርና በራም ነው፤ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅህም። ያንተ ማሽን ላይ ከአንሪል በጣም በተሻለ ይሄዳል። አንሪል 5ን የሚሰራው ኤፒክ ራሱ የሚመክረው 32 ጊጋ ራም ነው። ፕሮጀክቱን ከፍተህ «ሼደር እያዘጋጀሁ ነው» የሚለው ቁጥር እስኪያልቅ ስትጠብቅ መብራት ይጠፋል። ጌምህ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ ከሚሊዮኑ በላይ ካለው ገቢ 5 በመቶ እንደሚወስዱ የሚያስፈራሩህ አሉ። እሱ አይጨንቅህ፣ እዚያ ስትደርስ እንጨነቅበታለን።

እኔ አሁን ያለሁት ጎዶ በሚባለው ኢንጂን ላይ ነው። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ላይ ጌሙ በተጫነ ቁጥር ሰሪውን ክፍያ ሊያስከፍል ሲነሳ ብዙ ሰው ሸሽቶ ወደ ጎዶ መጣ፣ እኔም አብሬ። ዩኒቲ ከዓመት በኋላ ክፍያውን ሰርዞታል። እኔ ግን አልተመለስኩም። ጎዶ ነፃ ነው፤ ሲወርድ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው፤ ኢንስቶል እንኳን አይፈልግም፣ ከፍተህ መስራት ነው። ፕሮጀክት ስትከፍት ሬንደረሩን፣ ማለትም ምስሉን ስክሪን ላይ የሚስለውን ክፍል፣ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ላይ አድርገው፤ ለቆዩ ስልኮች የሚሆነው እሱ ነው። ለአንድሮይድ ስታወጣ ግን ጌሙን የስልክ መተግበሪያ ለማድረግ የሚያስፈልጉትን ኤክስፖርት ቴምፕሌቱንና የአንድሮይድ ኤስዲኬውን ለብቻ ታወርዳለህ። እሱ ዳታ ይበላል፣ ለሌሊት ፓኬጅ አቆየው።

አሁን 4ኛ ልል ነበር፣ ስለ ብር። ዚብራሽን እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ማክሰን የሚባል የሶፍትዌር ኩባንያ እንደሚገዛው ካስታወቀ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። አንዴ ገዝተህ የራስህ የምታደርገው መሆኑ ቀርቶ እየከፈሉ መጠቀም ሆነ። በዶላር፣ በካርድ። እኔ በሕጋዊ መንገድ ልክፈል ብዬ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። የባንኩ ሠራተኛ ዶላሩ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ለዚብራሽ» አልኩ። «የት አገር ነው? ቪዛና ትኬት ይዘሃል?» አለችኝ። ሳስረዳት ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ፣ እሷም «ቀጣይ!» አለች። በዚያው ወጣሁ፣ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ መስሪያ ሶፍትዌር አወረድኩ።

ብሌንደር ነፃ ነው፣ ክራክ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 2.81 ጀምሮ የቅርጻ ቅርጽ መሣሪያው በደንብ ተሻሽሏል። ሪቶፖሎጂውም፣ ዩቪውም፣ ማተሙም፣ አጥንቱም እዚያው ውስጥ ነው። በብዙ ሚሊዮን ፖሊጎን ላይ ዚብራሽ ይበልጠዋል፣ አልክድም። ግን የአውራ ጣት ቁመት ላለው ሰው ብዙ ሚሊዮን አያስፈልግህም። ልብህን የሚያሞቀው መቅረፁ ራሱ ከሆነ፣ ቀለበት ነድፈህ በሬዚን 3ዲ ፕሪንተር ማተም ወይም ለፊልም ጭራቅ መስራት ከሆነ ሕልምህ፣ ያኔ በዚብራሽ ሂድበት፣ ይህን ሁሉ ያልኩህንም እርሳው። አንተ ግን ጌም ነው ያልከው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጎዶን ክፈት። ግራጫ ሳጥን አስቀምጥ፣ እሱ ነው አርበኛህ። ሌላ ሳጥን ጠላት ይሁን። ሳጥኑ ይሩጥ፣ ይዝለል፣ ጦር ይወርውር። የቆየ ስልክ ላይ ጫነውና እህትህን አጫውታት። በሳጥኑ ከተጫወተችና «ሌላ ዙር» ካለች ያኔ ብሌንደርን ከፍተህ ሰው ታደርገዋለህ። የኔዋ ልጅ አሁን እንደዚያ ነው የምትሮጠው፣ በሹሩባዋ፣ 6 ሺህ በማይሞላ ሶስት ማዕዘን። ማሰልጠኛው ገጽ ላይ ካለችው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ስልክ ላይ ለይ ብልህ አትለይም።

ደግሞ የላፕቶፕህን ጀርባ አስከፍተህ ትርፍ የራም ቀዳዳ ካለው ወደ 16 አሳድገው። የስልጠና ክፍያ ልትከፍል ካሰብክ መጀመሪያ ብሩን እዚያ ላይ አውለው። ሞዴል ቁጥሩን ከታች ጻፍልኝ፣ ቀዳዳ እንዳለው አይቼ እነግርሃለሁ።