መልስ፦ ሳታገባ፣ ብቻዋን፣ ለወንጌል?
እህቴ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ) ያላገባች ወጣት ለወንጌል ብቻዋን ባሕር መሻገር ትችል እንደነበር፣ ደሞዝም እንደነበራት ጠይቀሻል። አዎ፣ ትችል ነበር። ስለ ሚስዮናዊቷ ሜሪ ስሌሰር ልንገርሽ።

ሜሪ የሀብታም ልጅ አልነበረችም። በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ፣ ገና በ11 ዓመቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። ግማሽ ቀን ሥራ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት። አባቷ መጠጥ ወዳድ ስለነበር ቤቱ የቆመው በእናትና በልጅ ጉልበት ነው። በትርፍ ጊዜዋ የድሃ ሰፈር ልጆችን በነጻ ታስተምር ነበር። በ1876 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ27 ዓመቷ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ወዳለችው ካላባር ላከቻት። የተሳፈረችባት መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር፤ ይገርማል!

ደሞዝ ነበራት፤ ከደሞዟ ላይ ግን ለእናቷ ትልክ ነበር። የአካባቢውን ሕዝብ የኤፊክ ቋንቋን አቀላጥፋ ቻለች፣ በባዶ እግሯ ሄደች፣ የአገሬውን ምግብ በላች። መንታ መውለድ እንደ እርግማን ይታይ ስለነበር ጫካ የሚጣሉ ሕፃናትን እየሰበሰበች አሳደገች። ወባውም አልለቀቃትም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ1892 የእንግሊዝ መንግሥት ምክትል ቆንስል፣ ማለትም የመንግሥቱ ወኪል፣ አድርጎ ሾማት፤ በአገሬው ሰው ላይ ዳኛ ሆና ተቀመጠች። ሰባኪዋና ቅኝ ገዢው እጅና ጓንት ሆኑ ማለት ነው።