ወይራ ለመትከል ብለው ቀጋውን እንዳይመነጥሩ

«ደብረ ብርሃን ዳር ባለኝ ግቢ ወፍ የሚያርፍበት ወይራ መትከል እፈልጋለሁ፤ መሬቱን እንዴት ላዘጋጅ?» ብለው ለጠየቁት፦ ከ9 ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ያገኘሁት መልስ 38 ችግኝ ስላስፈጀኝ በእርስዎ እንዲደገም አልፈልግም።

አንደኛ፣ መሬቱን አይመንጥሩ። የእርስዎም ግቢ እንደ እኔው ዳር ዳሩን ቀጋ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እንደያዘው አልጠራጠርም። ችግኝ ልወስድ የሄድኩበት ጣቢያ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ከወንበሩ ሳይነሳ «መጀመሪያ ቁጥቋጦህን አጽዳ፤ ደግሞስ ወይራ ምን ያደርግልሃል? ባሕር ዛፍ ውሰድ» አለኝ። 40 ችግኝ ለመስጠት ሁለት ቀን አመላለሰኝ። የባሕር ዛፉን አልሰማሁትም፤ የምንጣሮውን ግን ሰማሁት። አራት የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ቀጋውን ከነሥሩ አስነቀልኩ፤ ሐምሌ ላይ በመስመር ተከልን። እስከ ጥቅምት ቅጠላቸው ያስጎመጅ ነበር። ኅዳር ላይ ውርጩ መጣ። አንድ ጠዋት ብወጣ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ሲነካቸው የችግኞቹ ጫፎች እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሱ፣ በሳምንቱ ጠቆሩ። ታኅሣሥ ሲያልቅ ሁለት ብቻ ቀሩ። ሁለቱም የቆሙት ሠራተኞቹ ድንጋይ በዝቶበት ትተውት ባለፉት አንድ ቀጋ ሥር ነበር።

ሁለተኛ፣ ደኑን ሄደው ይዩ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ወፍ ዋሻ ወደሚባለው ደን ወረድኩ። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አለ፤ ጉሬዛው ከላይ ይዘላል። የወይራ ቡቃያ ግን ገላጣው ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ያገኘሁት ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ወፎች የወይራውን ፍሬ ይውጡና ሥጋውን ፈጭተው ጠንካራውን ዘር ባረፉበት ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል። ቁጥቋጦው ሌሊት ከውርጭ፣ ቀን ከፀሐይ ይከልለዋል፤ እሾሁ ደግሞ ፍየል ያግዳል። ገንዘብ ከፍዬ ያስነቀልኩት ለካ የወይራውን ሞግዚት ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

በቀጣዩ ክረምት 20 ችግኝ በገንዘቤ ገዛሁ። ፕላስቲኩን ቀድጄ፣ ከታች የተጠማዘዘውን ሥር ቆርጬ፣ በተረፈው ቀጋና በድንጋይ ካቡ መካከል አስገባኋቸው። ኅዳርና ታኅሣሥን የገብስ ጭድ ከሥራቸው ጎዝጉዤ፣ ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈንኩ አሳለፍኳቸው። 17ቱ ጸደቁ። ከዘር የሚጀምሩ ከሆነ በደንብ የጠቆረውን ፍሬ ለቅመው ሥጋውን አሽተው ያጥቡት፤ የዘሩንም ጫፍ ውስጡን ሳይነኩ በጥቂቱ ይስበሩለት፤ አለበለዚያ ለመብቀል ብዙ ያስጠብቃል።

ወፎቹን በተመለከተ ወይራው እስኪያፈራ መጠበቅ የለብዎትም። የእኔዎቹ ዛሬ ከቁመቴ ጥቂት ቢያልፉም ገና አላፈሩም፤ ወፎቹ ግን ቀጋው ቀይ ፍሬውን ሲይዝ ጀምሮ ግቢውን አይለቁም። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ቤት ተሠርቶበታል፣ አልክድም፤ ጠዋት የወፍ ድምፅ የሚሰማው ግን ከእኔ በኩል ነው።

ባለፈው ሰኔ ከቀጋው ሥር ጭድ ስጎዘጉዝ አራት ቅጠል ያላት የወይራ ቡቃያ አገኘሁ። እኔ አልተከልኳትም። የሚያፈራ ወይራ በአቅራቢያችን ያለው ከወንዙ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ዶሮ እንዳይጭራት በድንጋይ ከብቤአታለሁ።