«በእሷ እቅፍ ውስጥ ዝም ይላል»

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። አማቴ ሊያርሱኝ ከዘጌ መጥተው አብረውን አሉ። ልጄ በጠባ ቁጥር ያቀረሻል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ማልቀስ ነው። (የ45 ቀን ክትባቱን ሲወስድ 4.5 ኪሎ ነበር፤ ሲወለድ 3.1።) በክርስትናው ዕለት አማቴ እንግዶች ፊት «ወተቷ ቀጥኖበት ይሆን?» አሉ። ተደብቀው የአብሽ ውሃ በማንኪያ እንደሚሰጡትም ደርሼበታለሁ። ባለቤቴ ከሥራ አምሽቶ ይገባና «እናንተው ተስማሙ» ብሎ ይተኛል። የሚገርመው፣ ማታ ማታ እሷ ስትቀበለኝ በእሷ እቅፍ ውስጥ ዝም ይላል። አሁን አሁንማ ሲያለቅስ ገና ሳላነሳው የማየው የእሷን ፊት ነው። አንዳንዴ ሁሉን ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር ብሄድ እላለሁ። ቅር ሳትሰኝ ወደ ቤቷ እንድትመለስ እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የአብሹ ነገር አናደደኝ። በሁለተኛው ግን ሌላ ነገር አየሁ። አማትሽን «መጥተው»፣ «አሉ»፣ «ይሰጡታል» እያልሽ በአክብሮት ነው የጀመርሽው። በእንግዶች ፊት ወተትሽን ሲያሙት አንቱታው አልተነካም። ተደብቀው አብሽ ሲሰጡትም አልተነካም። የወደቀው ልጅሽ በእሳቸው እቅፍ ዝም ያለበት መስመር ላይ ስትደርሺ ነው። እዚያ ላይ አማትሽ «እሷ» ሆኑ፤ እስከ መጨረሻውም «እሷ» እንደሆኑ ቀሩ።

አስበሽበት ያደረግሽው አይመስለኝም። ግን ሕመምሽ አብሹ ቢሆን ኖሮ አንቱታው የሚወድቀው እዚያ ነበር።

ስለዚህ ትንሽ ልቃወምሽ። ለእኔ የታየኝ ጠብሽ ከአማትሽ ጋር ሳይሆን ከለቅሶው ጋር ነው። «ገና ሳላነሳው የማየው የእሷን ፊት ነው» ያልሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። ልጅ ያለቅሳል፤ እናቱ ግን ወደ አማቷ ትዞራለች። ከንፈራቸውን መጠጡ? ቅንድባቸውን አነሱ? በዚያች ቅጽበት ሳሎንሽ ችሎት ይሆናል። አማትሽ ከሳሽ፣ አምሽቶ የሚገባው ባለቤትሽ ዳኛ፣ አንቺ ተከሳሽ፣ ለቅሶው ደግሞ ምስክር። ሕፃኑ ግን በማንም ላይ ሊመሰክር አልመጣም። ሆዱ ተነፍቶ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ያየውና የሰማው አድክሞት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሐኪም እንኳ ምክንያቱን የማያገኝለት የምሽት ለቅሶ ነው። ችሎቱ እስኪነሳ ድረስ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ታዲያ አማትሽ ጋ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? አብልጦ ስለሚወዳቸው አይደለም፤ የ7 ሳምንት ልጅ እንዲህ ዓይነት ፍርድ አያውቅም። እሳቸው በለቅሶው አይፈረድባቸውም። ቢያለቅስ «የእርስዎ ነገር ቀጥኖ ይሆን?» የሚላቸው ሰው የለም። ስለዚህ ክንዳቸው አይገተርም፤ እሹሩሩ ሲሉም አይጣደፉም። አንቺ ደግሞ ወተት ወተት ትሸቺዋለሽ። ጠግቦም ቢሆን ደረትሽ ላይ ሲደርስ ጡት መፈለግ ይጀምራል፤ ይጠባል፣ ሞልቶ ያቀረሻል፣ እንደገና ያለቅሳል። ሌላም ተራ ምክንያት አለ። አማትሽ የሚቀበሉሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለቀሰ በኋላ ከሆነ፣ የደረሱት ለቅሶው ሊያበቃ ሲል ነው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ዝናቡን አስቆመው አይባልም።

ስለ ወተትሽ የጠየቅሽኝ ነገር የለም፤ ፍርሃቱ ግን በየመስመሩ አለ። መልሱን ደግሞ ራስሽ በቅንፍ ጽፈሽ አልፈሽዋል። በ45 ቀን 1.4 ኪሎ! በቀን 30 ግራም ገደማ ማለት ነው። «የቀጠነ» ወተት ይህን አይሠራም። (ይህች «ቀጭን ወተት» የምትባል ነገር ስንት አራስ እንዳስለቀሰች!) መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ውሃ መሳይ ነው፤ ልጁ እየጠባ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራል። ነጻ የሚያወጣሽን ቁጥር በቅንፍ የደበቅሽው ማንም የሚያምንሽ ስላልመሰለሽ ይሆን?

ማቅረሸቱም ቢሆን በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ ገና አልጠነከረም። 4ኛው ወር አካባቢ ሊብስ ይችላል፤ ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይተዋሉ። የምሽቱ ለቅሶ ደግሞ 6ኛው ሳምንት ገደማ ላይ ይበረታል፤ በ3ኛውና በ4ኛው ወር መካከል ይበርዳል። አንቺ የጻፍሽልኝ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሆነሽ ነው። ግን ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ በኃይል ርቆ ከተፈናጠረ፣ ሰውነቱ 38 ዲግሪ ከሞቀ፣ መጥባት እንቢ ካለ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ፣ ጠዋትን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

አብሹ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም፤ በባሕር ዳር ሙቀትም ቢሆን። ከወተትሽ ከመቶ 87 እጁ ገደማ ውሃ ነው። የማንኪያ ውሃ ትንሿን ሆድ በከንቱ ይሞላል፤ ተቅማጥም ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን አማትሽ ምናልባት ባለቤትሽንም እንዲሁ አድርገው ነው ያሳደጉት። ከአንቺ አፍ «ይተዉ» ሲባሉ የሚሰሙት «ልጅዎን አላወቁበትም» የሚለውን ነው። ከነርስ አፍ ቢሰሙት ይቀላል።

ባለቤትሽን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ «እናንተው ተስማሙ» ብሎ መተኛት ገላጋይ አያሰኝም። እናቱ እንግዳ ፊት ስለ ወተትሽ የተናገሩትን እሱ ነው ማንሳት ያለበት፤ ለብቻቸው፣ በእርጋታ።

«እንዴት ልንገራት» ላልሽው ግን አሁን መልስ አልሰጥሽም። ለ7 ሳምንት ቤታቸውን ትተው ሊያርሱሽ የተቀመጡትን ሴት ልጅሽ በጣም በሚያለቅስበት ወቅት ብትሸኚ፣ ችሎቱ ከቤትሽ የሚወጣ አይመስለኝም። ይልቅ ይህን ለጥቂት ቀናት ሞክሪው። ከ12 ሰዓት በፊት አጥቢው፣ አስገሺው፣ ከዚያ ለቅሶው ሳይጀምር «እማማ፣ እስኪ ይያዙልኝ» ብለሽ በእጅሽ ስጫቸው። የተነጠቀ ልጅና የሰጡት ልጅ አንድ አይደሉም። ሁላችሁም የደከማችሁ ምሽት በጀርባው አስተኝተሽው ለጥቂት ደቂቃ በረንዳ ብትወጪ ምንም አይሆንም።

የመጨረሻው የሐይቁ ዳር ነው። ለመናፈስ ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ልጁን ለአማትሽ ሰጥተሽ፣ ከጓደኛሽ ጋር። ሌላ ሐሳብ ካለበት ግን ብቻሽን አትሁኚ፤ አሁኑኑ አጠገብሽ ላለው ሰው ንገሪና ሕክምና ሂጂ። ከወለዱ በኋላ የሚመጣ የባሕርይ መለዋወጥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይለቃል፤ ባንቺ ላይ 7 ሳምንት ከቆየ ፊት ለፊት መታየት አለበት። በደብዳቤ እዚህ ድረስ ነው የሚታየኝ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 5 እናቶች 1 ገደማ ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ድብርት ውስጥ ስለምታልፍ ባለሙያዎቹ አዲስ አይሆንባቸውም። እዚያ ስትሄጂ ስለ እናትሽም አውሪ። የመጀመሪያ ልጅ በብዙ ቤት በእናት ጓዳ ነው የሚታረሰው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እናትሽን አንዴም አላገኘኋቸውም።

በዚህ ሳምንት ልጁን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ስትሄጂ አማትሽ አብረውሽ ይሂዱ። እሳቸው ይቀፉት፤ ካርዱን አንቺ ያዢ። ነርሷ ኪሎውን ስትናገር ሁለታችሁም ሚዛኑ አጠገብ ሁኑ፤ የአብሹንም ነገር ያኔ እሳቸው ራሳቸው ይጠይቋት።