አበባው ሳይዘጋ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የአትክልት ስፍራ ለአራት ሳምንት እየኖርኩ አበባ እንድስል ተመርጬ ገብቻለሁ። ማደሪያና ምግብ ይሰጡኛል። በመጨረሻው ቀን ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ደግሞ ስድስት ሥራ ይጠብቁብኛል። ሁለት ሳምንት አልፏል፤ በውሃ ቀለም አስራ አንድ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ጠዋት የጀመርኩት ሂቢስከስ ማታ ስመለስ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። ጥላው ይሸሽብኛል፣ ነፋሱ ኢዝሌን (የሥዕል ማቆሚያዬን) ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ቦገንቪላውን በቀይና በሰማያዊ ላመጣው ብሞክር ጭቃ ሆነ። ከሦስት ቀን ወዲህ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ክፍሌ ውስጥ መሳል ጀምሬያለሁ። ሥራው ይሄዳል፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ጥፋት ነው እንዴ?

መልስ

ልጄ፣ ጥፋት አይደለም። ክፍል ውስጥ ሆኖ አበባ መሳል ነውር ቢሆን ኖሮ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የሆላንድ አበባ ሰዓሊዎች ሁሉ ጥፋተኞች በሆኑ ነበር። እነሱ በአንድ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ አብረው የማይፈኩ አበቦችን ይሰበስባሉ፤ የመጋቢቱን ከሐምሌው ጋር። እንዴት ቻሉ ብትይ፣ እያንዳንዱን በወቅቱ፣ በሕይወት ፊታቸው ቆሞ እያለ ለብቻው ያጠኑትና ወረቀቱን ያስቀምጡታል። በኋላ ክፍላቸው ገብተው ከጥናቶቹ አንድ ሥዕል ያዋቅራሉ። ቀለም ይዞ ውጭ ለመውጣት የሚያመቸው ቱቦ እንኳ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪፈለስፈው ድረስ የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር።

ስለዚህ አስራ አንዱን "ያልጨረስኳቸው" አትበያቸው። ጥናቶችሽ ናቸው። ልብሽ ያልተቀበለው ክፍሉን ሳይሆን ስልኩን ይመስለኛል፣ እኔም በዚህ ከልብሽ ጋር ነኝ። የቦገንቪላን ቀለም የስልክ ካሜራ አይችለውም። በጠራራ ፀሐይ ስታነሺው ደማቁ ክፍል ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው የቀለም ልዩነት ይጠፋል፣ ጥላው ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ያንን አይተሽ ስትስይ የምትገለብጪው የጠፋውን ነው።

ነገ ጠዋት አንድ የቦገንቪላ ቅርንጫፍ ወደ ፊትሽ ሳቢ (እሾሁን ተጠንቀቂ)። አበባ ነው የምንለው ሮዙ ነገር ቅጠል ነው። ሦስት ስስ፣ ወረቀት የመሰሉ ቅጠሎች ገጥመው ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ቀጭን ቱቦ ተለጥፏል፣ ጫፉ ሲከፈት ትንሽ ነጭ ኮከብ ይሆናል። አበባው ያ ነው። ነጯን ኮከብ ወረቀቱን ባዶ በመተው ካላስቀረሻት ቦገንቪላሽ ከሩቅ የታየ የቀለም ክምር ይሆናል። ቀጥሎ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጊና እዪው። ብርሃን ሲያልፍበት የደም ሥሩ ይታያል፣ ጠርዙ ወደ ብርቱካን ያደላል። አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ ጥላ የጣለበት ቦታ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው፣ ስልክሽ ላይ አንድ ናቸው።

ጭቃ የሆነብሽም በእጅሽ ድክመት አይደለም። ይዘሽ የነበረው ካድሚየም የሚባለው ቀይ ከሆነ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀይ ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ቡናማ እንጂ ማጀንታ (ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ) አይወጣውም። ማጀንታ ተቀላቅሎ አይገኝም፣ በቱቦ መገዛት አለበት። ኪናክሪዶን ማጀንታ ፈልጊ፤ በቱቦው ጀርባ "ፒአር 122" (PR122) የሚል የቀለሙ መለያ አለው። በስሱ መጀመሪያ እሱን ብቻ አፍስሺ፣ ሲደርቅ ጥላውን በማጀንታና በጥቂት አልትራማሪን ሰማያዊ ደርቢበት።

ስለ መለያ ቁጥሩ አጥብቄ የምነግርሽ ስለተጎዳሁበት ነው። በ2001 ዓ.ም. እንዳንቺው አንድ የአትክልት ስፍራ ገብቼ የጽጌረዳ ሥዕሎች ሠርቼ ነበር። ርካሽ የሆነና የሚያበራ ሮዝ ቀለም አግኝቼ በጣም ደስ ብሎኝ፣ ጀርባውን ሳላነብ። ከሁሉ የወደድኩትን አዳማ ለምትኖረው እህቴ ሰጠኋት፣ ሳሎኗ ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለችው። ከስድስት ዓመት በኋላ ልጠይቃት ሄጄ ቀና ስል ጽጌረዳዎቼ ደጋግሞ የታጠበ ነጠላ መስለዋል። እሷ በየቀኑ ስለምታየው አላስተዋለችም። ከግድግዳው አውርጄ ፍሬሙን ስፈታው፣ እንጨቱ ሸፍኖት በነበረው ጠርዝ ላይ ከጣት የቀጠነች ሰንበር ተገኘች፣ ያ የሳልኩት ሮዝ እንዳለ። ያችን ሰንበር አይቼ አለቀስኩ። በሆላንዳዊው ሰዓሊ በቫን ጎህም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ሮዝ አድርጎ የሳላቸው ጽጌረዳዎች ዛሬ ነጭ ሆነው ነው የሚታዩት፣ የተጠቀመበት ቀይ ብርሃን የማይችል ስለነበር። የድሮው አሊዛሪን ክሪምሰንም፣ "ፒአር 83" የሚለው፣ ይለቃል። አትግዢው።

ወደ ሂቢስከሱ ልምጣ። ሂቢስከስ ብዙውን ጊዜ ጠዋት የተከፈተው ማታ ይዘጋል፤ ተፈጥሮው ነው፣ አንቺን አይጠብቅም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ዋዜማውን፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ እምቡጦቹን አያለሁ። ነገ የሚከፈተው ረዝሞ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሏል፣ ጫፉ ላይ ቀዩ ብቅ ብሏል። ግንዱ ላይ ክር አስርበትና የዚያኑ ማታ ቅርንጫፉንና ቅጠሎቹን በእርሳስ አስቀምጣለሁ፣ የአበባውን ቦታ ባዶ ትቼ። በማግስቱ ሲከፈት ለኔ የቀረኝ አበባው ብቻ ነው። አንድ ሰዓት በቂ ነው። ቅጠሉ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው አለ። ስለ ቅጠል ካነሳን፣ ቅጠልን በአንድ አረንጓዴ አትሙዪው፤ ከላይ ያበራው ገጽ ሰማዩን ተቀብሎ ይገረጣል፣ ፀሐይ ከጀርባ የመታችው ግን ቢጫ ነው።

ጥላው የሚሸሽብሽ የአውሮፓን መጽሐፍ ሰዓት ይዘሽ ከሆነ ነው። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1926 የኖረበት የፈረንሳይ መንደር ጂቨርኒ ከምድር ወገብ በ49 ዲግሪ ርቆ ነው ያለው፣ እዚያ ፀሐይ ገደድ ብላ ቀስ ትላለች። እሱም ቢሆን ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራ እየለወጠ ነበር የሚሠራው። እኛ 7 ዲግሪ ላይ ነን፣ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። 2 ሰዓት ላይ በመንገዱ ማዶ የተዘረጋው ጥላ 4 ሰዓት ሲሆን ግንዱ ስር ተሰብስቧል። ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለሽ 3 ሰዓት ላይ ተነሺ፤ የጥላውን ቅርጽ ከሁሉ በፊት በእርሳስ ያዢው፣ ከዚያ በኋላ አታሳድጂው። ያ ሰዓት ሐይቁም ጸጥ የሚልበት ነው፣ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። ለማንኛውም ድንጋይ የሞላ ፌስታል ከኢዝሉ መሐል አንጠልጥዪ።

ወረቀትሽ ፀሐይ ላይ አይሁን። ነጩ ያንጸባርቅብሽና ጨለማ አድርገሽ ትስያለሽ፣ ክፍል ስታስገቢው ያስደነግጥሻል። ጃንጥላ ከያዝሽ ነጭ ወይም ጥቁር ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ ወረቀቱን ሁሉ ቀይ ያደርገዋል።

አትክልተኛውንም ወዳጅ አድርጊው። ቦገንቪላ ውሃ ሲቀንሱበት እንደሚፈካ ያስተማረኝ አትክልተኛ ነው። የትኛው ቁጥቋጦ በዚህ ሳምንት እንደሚከረከም ከእሱ በቀር የሚነግርሽ የለም፤ እኔ ሦስት ቀን የሠራሁበትን በአራተኛው ቀን ተከርክሞ አግኝቼዋለሁ፣ ስላልነገርኩት።

ስድስቱን በተመለከተ፣ ከሚቀሩሽ ሁለት ሳምንታት የመጀመሪያውን ጠዋት ጠዋት ለጥናት ብቻ ስጪው፣ አንድ የቦገንቪላና አንድ የሂቢስከስ ቁጥቋጦ ይበቃሻል። ከሰዓት ክፍልሽ ግቢ፣ ጥናቶቹን ግድግዳ ላይ ለጥፊና ትልልቆቹን ከእነሱ ሥሪ፤ ስልኩን የምትከፍቺው ቅርንጫፉ በየት በኩል እንደታጠፈ ሲጠፋሽ ብቻ ነው። ሦስት ወይም አራት ይወጡሻል። ለአዘጋጆቹ ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ ጥናቶቹንም አብረሽ እንድትሰቅዪ ጠይቂ። ለእኔ የተጠና ገጽ፣ የእርሳሱ ምልክትና የሙከራ ቀለሙ ጠርዝ ላይ እንዳለ፣ ተቻኩሎ ከተሠራ ስድስተኛ ሥዕል ይበልጥብኛል።

ማጀንታውን የምታገኚበት ሱቅ ቢቸግርሽ፣ ግማሽ የቀረው ቱቦ አለኝ፤ በመጽሔቱ ቢሮ በስምሽ ትቼልሻለሁ። ክዳኑ ተጣብቋል፤ በጥርስሽ አትታገዪው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዪው።