ሰፊ ቸርኬ በቆየ ፍሬን

የዛሬው ጥያቄ ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምነዳው የቆየ የአሉሚኒየም ኮርስ (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ነው። እስካሁን 23 ጎማ (ስፋቱ 23 ሚሊ) ነበር የማስረው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሰፋ ያለ ቸርኬ ከነ28 ጎማው ይዞልኝ መጣ። ሳስገባው ግን የፍሬኑ ሸራዎች፣ ቸርኬውን የሚይዙት ላስቲኮች፣ ግጥም አሉበት፣ አልዞርም አለ። ስለዚህ የፍሬኑን ማላቀቂያ ከፍቼ ነው የምነዳው። ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ ሽው ሽው ይላል። ኮረት ያለበት ቦታ ደግሞ ከላይ ይፋቃል። ሸራውን ልሞርደው? ወይስ የፍሬኑን ክንድ ከውስጥ በኩል? ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ ነው የምወርደው።»

አብሽር ወንድሜ። መፍትሔ አለው፤ ምናልባትም ብዙ ሳታወጣ። ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፦ ይህ ሳይስተካከል የሐረጎን ቁልቁለት እንዳትወርድ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ጭጋግ አለ፣ ኩርባ አለ፣ የጫነ ሲኖትራክ አለ። ፍሬን እዚያ አይሞከርም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳህ። የድሮ ኮርስ ቸርኬ ከውጭ ለውጭ ሲለካ 19 ወይም 20 ሚሊ ነው። የአሁኖቹ 25፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ናቸው። የ5 ሚሊ ልዩነት ማለት በያንዳንዱ ጎን 2.5 ሚሊ ነው። በደንብ የታሰረ ሸራ ደግሞ ከቸርኬው የሚርቀው 2 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። ግጥም ማለቱ አይገርምም።

አሁን ወደ ማላቀቂያዋ እንምጣ። በፍሬኑ ጎን ያለችው ያቺ ትንሽ ምላስ የተሠራችው ቸርኬ ለማውጣትና ለማስገባት ነው። ስትከፍታት ክንዶቹ ይለያያሉ፣ የተነፋው ጎማ በሸራዎቹ መሃል ያልፋል። እሷን ከፍተህ ስትነዳ ፍሬኑ ይይዝልሃል፤ ምናልባትም ልዩነቱ አይታወቅህም። ችግሩ ሌላ ነው። የምላሷ መከፈት ምልክት ነበር፤ «ፍሬኑ አልተዘጋም» የሚል። አንተ ግን ምላሷን ክፍት ማየት ዓይንህን አስለመድከው። የድሮውን ጠባብ ቸርኬ መልሰህ ያሰርክ ቀን ምላሷ ክፍት መሆኗ ትዝ አይልህም፤ የፍሬን እጀታው ሄዶ ሄዶ መሪው ላይ ይለጠፋል። ወይም ጎማ የሚለጥፍልህ ጎሚስታ በቅንነት ይዘጋታል፣ ቸርኬህ መንገድ ላይ ይታነቃል። ጎማህ ሲተነፍስና ቸርኬውን ማውጣት ስትፈልግስ ምን ትከፍታለህ? ከፍተህ ጨርሰሃል።

ስለዚህ ቦታውን ከምላሷ ሳይሆን ከፍሬኑ ሽቦ አምጣው።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ምላሷን ዝጋ። በእጅ የሚዞረውን የሽቦ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አስገባው፣ ከዚያ ሁለት ዙር ብቻ መልሰህ አውጣው። ሽቦውን የያዘውን ብሎን በ5 ሚሊ ብሩጎላ ቁልፍ አላላው። ክንዶቹ በራሳቸው ስፕሪንግ ይከፈታሉ። ሰፊውን ቸርኬ አስገባና መሃል መሆኑን እይ። ከዚያ በአንድ እጅህ ሁለቱን ሸራዎች ቸርኬው ላይ ጭነህ ያዝ፣ በሌላው ሽቦውን ወጥረህ ብሎኑን አጥብቅ። እጅ ካነሰህ አንድ ሰው ይርዳህ፤ ከሌለ ክንዶቹን በቆየ ካላማዳሪ ቁራጭ እሰራቸው። ከለቀቅከው በኋላ ማስተካከያውን ሁለቱን ዙር መልሰህ አስገባ። በያንዳንዱ በኩል 2 ሚሊ ያህል ክፍተት ካገኘህ ተሳክቷል። ካነሰ ሽቦውን ትንሽ ጨምርለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ሽቦውን ስታላላ፣ ብሎኑ ለዓመታት የነከሰው ቦታ ከብሎኑ ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ጠጋ ብለህ እየው። ጠፍጣፋ ሆኗል። አንዳንዴ ከቀጫጭኖቹ ክሮች አንዱ ተበጥሶ እንደ እሾህ ቆሟል፤ ጣትህን ስታሳልፍበት ይወጋሃል። አንድ ክር እንኳን ከተበጠሰ አትከራከር፣ ሽቦውን ቀይረው። ከብስክሌት ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ የረከሰ የለም።

ቀጥሎ ሸራው። ክንዶቹ ሰፋ ብለው ሲቆሙ የሸራው ፊት ዘመም ይላል። ቀድሞ ቸርኬውን በሙሉ ፊቱ ይነካ የነበረው አሁን በአንድ ጠርዙ ብቻ ይነካል። ሸራው ብሎን ላይ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያሉ ሮንዴላዎች ካሉ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ብሎኑን አላላው፣ ሸራው ሙሉ ፊቱ እንዲነካ አዙረው፣ እጀታውን ጨብጠህ እያለ አጥብቀው። የሸራው የላይኛው ጠርዝ ከቸርኬው ጠርዝ 1 ሚሊ ያህል ዝቅ ይበል። ጎማውን በፍጹም እንዳይነካ።

አሁን በብዛት የሚገኘው የኮርስ ፍሬን ሁለት መዞሪያ አለው። አንደኛው ክንድ የሚዞረው መሃል ላይ፣ ሌላኛው ጎኑ ላይ ነው። በጎኑ የሚዞረው ክንድ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ወደ ላይ፣ ወደ ጎማው ይጠጋል። ዛሬ በትክክል ያሰርከው ሸራ ከወራት በኋላ ጎማ ሊበላ ይችላል። አንድ ልጅ «ጎማዬ አብጧል» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። ቸርኬውን ሳዞረው የጎማው ጎን በአንድ በኩል ዙሪያውን እንደ ቢላ ተቆርጧል፤ ካላማዳሪው በክሮቹ መሃል እንደ አረፋ ብቅ ብሎ ይታያል። ሸራው ከቸርኬው ጠርዝ ያለፈው በ2 ሚሊ ብቻ ነበር። ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ ስለነዳው ነው የተረፈው፤ ቁልቁለት ቢሆን አላውቅም። በጎኑ የሚዞረውን ክንድ ሸራ ከሌላው ትንሽ ዝቅ አድርገህ እሰረው፤ በየወሩም እየው።

አሁን ከላይ ወደሚፋቀው። ይህ ከቸርኬው ሳይሆን ከጎማው ነው። ጎማ ላይ የተጻፈው 28 የታሰበው ለአንድ ዓይነት የቸርኬ ስፋት ነው። ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ይሰፋል፤ 29፣ አንዳንዴ 30 ሊሆን ይችላል። 25 ጎማም የውስጥ ስፋቱ 19 እስከ 21 ሚሊ በሆነ ቸርኬ ላይ 27 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ የተጻፈውን ሳይሆን የተነፋውን ጎማ ነው የምንለካው። መለኪያው ቤትህ አለ። ጎማውን በሙሉ አየር ንፋ። 4 ብሩጎላ ወስደህ በጎማውና በፍሬኑ መሃል አስገባ። ቸርኬውን ቀስ እያልክ አንድ ሙሉ ዙር አዙር። ቁልፉ የትም ሳይያዝ ካለፈ ጥሩ ነው። ፎርኬላው (የፊት ቸርኬ የሚታሰርበት ሹካ) ሥርና ከኋላ በኩል ፍሬሙ መሃልም እንዲሁ ሞክር፤ ሰው ፍሬኑን ብቻ አይቶ እዚያ ይረሳል። ቁልፉ ካላለፈ ጎማው ለዚህ ብስክሌት ትልቅ ነው። የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ። ጭቃው ኮረት ይዞ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ያችን ቀዳዳ ያገኛታል። የሚፋቀው ኮረት የፊት ጎማህን ቀጥ ካደረገው በመሪው ላይ ትወረወራለህ።

የኔ ምክር 28ቱን ለሌላ ጊዜ አስቀምጠህ 25 ጎማ ግዛ ነው። ስፋቱ 27 ይሆንልሃል፣ ከፍታውም ያንሳል። ምቾቱን ከሞላ ጎደል ታገኘዋለህ። 23 ላይ 110 ፒኤስአይ ትነፋ ከነበረና ክብደትህ መካከለኛ ከሆነ በዚህ 80 ገደማ ይበቃሃል። የድሮውን 23 ጎማህን ግን ሰፊው ቸርኬ ላይ አትሰረው። ጎማው ጠባብ ስለሚሆን ጉድጓድ ሲገጥምህ ቸርኬው ነው የሚመታው።

«ረጅም ክንድ ያለው ፍሬን ብገዛስ?» የሚሉኝ አሉ። ረጅም ክንድ ሸራውን ወደ ታች ያወርዳል እንጂ የፍሬኑን ጣሪያ አያነሳም። ጣሪያውን የሚወስነው ፍሬሙ ላይ የተበሳው ቀዳዳ ነው። ከብሎኑ መሃል እስከ ቸርኬው የፍሬን መስመር መሃል ለካ። ከ39 እስከ 49 ሚሊ ከሆነ የኮርስ መደበኛ ፍሬን ነው የሚያስፈልግህ፤ ረጅሙ ከ47 እስከ 57 ሚሊ ላለው ፍሬም ነው። የሚረዳህ ለሰፊ ጎማ ታስቦ የተሠራ ፍሬን ነው። ለምሳሌ ሺማኖ 105 አር7000 የሚባለው ፍሬን እስከ 28 ጎማ ይቀበላል። ግን እጀታህ አሮጌ ከሆነና የሚስበው ሽቦ አጭር ከሆነ አይናበቡም። አዲስ ፍሬን የፈለገውን ያህል ሽቦ አያገኝም፤ እጀታው መሪው ላይ ያርፋል። ከመግዛትህ በፊት እጀታውን ለባለሙያ አሳይ።

ዳገት ላይ ሽው ሽው የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ቆመህ ስትረግጥ ቸርኬው ወደ ጎን ይተጣጠፍና ሸራ ይነካል። ክፍተቱ ተስተካክሎም ካልጠፋ ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ዘንጎች) ሁለት ሁለት አድርገህ ጨብጣቸው። የላላ ካለ በእጅህ ታውቀዋለህ። ቸርኬው ፎርኬላው ውስጥ ጠልቆ መግባቱንም አረጋግጥ፤ ጠምዘዝ ብሎ ከገባ የትኛውም ፍሬን መሃል አይሆንልህም።

ስለ ሞረዱ ጠይቀኸኝ ነበር። የሸራውን ላስቲክ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት 1 ሚሊ ብታስነሳው እሺ፤ የማለቂያ መስመሩ እስከታየ ድረስ። ክንዱን ግን አትንካው። የፍሬኑን ጉልበት በሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ስንጥቅ የሚጀምረው ሞረድ ከጫረው መስመር ነው፤ ስትጨብጠው ነው የሚሰበረው።

ሁሉን ከጨረስክ በኋላ ሜዳ ላይ ሞክረው። ቆመህ የፊቱን ጨብጠህ ብስክሌቱን ወደፊት ግፋ፤ የኋላው ብድግ ማለት አለበት። እጀታው በኃይል ሲጨበጥም ከመሪው ሁለት ጣት ይራቅ። በአንዲት አጭር ቁልቁለት ደግመህ ሞክር። ከዚያ ሐረጎ። ስትወርድ ፍሬኑን ይዘህ አትንሸራተት፤ ቸርኬው ይግላል፣ ካላማዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ ቸርኬው በነፋስ ይቀዝቅዝ። ዝናብ ከሆነ ቀደም ብለህ ጀምር፤ የመጀመሪያው ዙር ውሃ መጥረጊያ ነው።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ቤት ከመግባትህ በፊት ምላሷ ዝግ መሆኗን እይ፣ ሸራዎቹን ንካ። አዲስ ሽቦ አስገብተህ ከሆነ ትንሽ ረግቦ ታገኘዋለህ። ማስተካከያውን ግማሽ ዙር ብቻ አውጣው።