«ይለዋወጣሉ» ወይስ «ይቀባበላሉ»? ስለ ነርቭ፣ ስለ ህዋስና ስለ ጅማት

ጥያቄ፦ ልጄ የሳይንስ ትምህርቷን ስታጠና «የነርቭ ህዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይለዋወጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። አጠገባችን የነበሩት አማቴ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ሰው ናቸውና «ሕዋሳትስ አምስት ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። ነርቭ የምትሉትም ጅማት ነው» ብለው አረሟት። ልጅቷ ግራ ገባት፤ እኔም የምመልስላት አጣሁ። የቱ ነው ትክክል? (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ጠያቂዬ ያነሱት ጥርጣሬ የሁለት ስሞች ነው፤ እኔን ግን ከስሞቹ ይበልጥ ያሳሰበኝ ማንም ያላረመው ግስ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከ«ህዋሳት»ም ከ«ነርቭ»ም ይልቅ ነገሩን የሚያዛባው «ይለዋወጣሉ» የሚለው ቃል ነው። ስለ ስያሜ ብዙ እንከራከራለን፤ የአማርኛ ትልቁ ሀብት ግሱ መሆኑን ግን ስለምንዘነጋ እንዲህ ያለው ግድፈት ዐይናችን ሳያርፍበት ያልፋል። ስሞቹን አስቀድሜ ልመልስና ወደ ግሱ እመጣለሁ።

አማትዎ ስለ ሕዋስ ያሉት ከመሠረቱ ልክ ነው። በግዕዙ ትምህርት ሕዋስ የሚባለው የምናይበት፣ የምንሰማበት፣ በአጠቃላይ ዓለምን የምንቀበልበት ኃይልና አካል ነው። የቃሉን ምንጭ የሚፈልጉ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ሖሰ» ከሚለው ግስ ጋር ያያይዘዋል፤ ትርጉሙ «ነቀነቀ፣ አንቀሳቀሰ» ሲሆን፣ በመዝሙረ ዳዊት የሚያፌዙት ሰዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ የምናገኘው ይኸው ግስ ነው። ሌላው ወገን ዐረብኛው አምስቱን ስሜቶች «ሐዋስ» ስለሚላቸው ቃሉ ከዚያ የመጣ ነው ይላል። የድምፁም የትርጉሙም መግጠም ለሁለተኛው ሐሳብ እንደሚያደላ አልክድም፤ ሆኖም መሰማት ማለት በውጭ ነገር ተነክቶ መንቀሳቀስ ነውና ልቤ ከመጀመሪያው ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ የሥነ ሕይወት መምህራን ይህንኑ ቃል ወስደው የሕያው አካል ሁሉ መሠረት ለሆነችው ጥቃቅን ክፍል ሰጡት፤ የፖለቲካ ሰዎችም «የፓርቲ ህዋስ» አሉበት። ውጤቱን ልጅዎ አይታዋለች። በአንዱ ገጽ «የስሜት ህዋሳት» የሚለው ዓይንና ጆሮን ሲሆን፣ በሚቀጥለው ገጽ «የነርቭ ህዋሳት» የሚለው በማጉያ መነጽር ካልሆነ የማይታየውን ነገር ነው። አንድ ዓይን በአማትዎ ቋንቋ አንድ ሕዋስ ነው፤ በልጅዎ መጽሐፍ ቋንቋ ግን በዚያው ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ብቻ ከ90 ሚሊዮን በላይ ናቸው። እኔ በጽሑፌ የስሜቱን በግዕዙ ብዜት «ሕዋሳት»፣ የሥነ ሕይወቱን በአማርኛው ብዜት «ህዋሶች» እላለሁ፤ ፊደሉንም በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ሀ እለያለሁ። መጻሕፍቱ ይህን ልዩነት አልተቀበሉትም፤ ለሁለቱም «ህዋሳት» ብለው ያትማሉ፤ ልጅዎም ፈተና ላይ መጽሐፏን ብትከተል የሚያስነቅፋት አይደለም።

ወደ ጅማት ልለፍ። አማትዎ ብቻቸውን አይደሉም፤ «ነርቭ የባዕድ ቃል ነው፤ ጅማት ካለን ምን አስለመነን?» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። የግሪኩ «ኔውሮን» መጀመሪያ ትርጉሙ ጅማት፣ የቀስት ደጋንም አውታር ነበር። የላቲኑ «ኔርቩስ»ም እንዲሁ ነው፤ የኢጣልያንኛው «ኔርቮ» የዚያ ልጅ ነው። የእኛው ግዕዝ «ሥርው» የሚለውን ቃል ለተክል ሥርም ለጅማትም ያውለዋል፤ ብዙው «አሥራው» ነው፤ አማርኛም «ደም ሥር» እያለ የዚያን ቃል ቅሪት ይዞ ይኖራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ያዕቆብ ሲታገል የተነካውና የእስራኤል ልጆች የማይበሉት የጭን ክፍል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሹልዳ» ተብሏል፤ ዕብራይስጡ «ጊድ» የሚለው ሲሆን፣ የአይሁድ ሊቃውንት ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ነው ብለው ይተረጉሙታል። እንግዲህ ጥንታውያን ሕዝቦች ሁሉ ጅማትንና ነርቭን በአንድ ስም ይጠሩ ከነበረ እኛስ ለምን እንለያለን? የነዚህ ሰዎች ክርክር ይህ ነው።

መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ስም የሰጧቸው ስላልለዩአቸው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበሩት ሐኪሞች ሄሮፊሉስና ኤራሲስትራቱስ የሰው ሬሳ ከፍተው እስኪመረምሩ ድረስ ነጩ ክር ሁሉ አንድ ይመስል ነበር። ስሕተቱ ከታረመ ከ2,000 ዓመት በላይ ከሆነው በኋላ መልሰን በአማርኛ የምንተክልበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ከእርስዎ ብዙም ሳልርቅ ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ በሰፈራችን ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ቢላዋ ከያዘው ሰው አጠገብ ቆሞ ማየት ለዚህ ክርክር ከመዝገበ ቃላት ይበልጣል። ጅማቱ ያብረቀርቃል፣ ጫፉ አጥንት ላይ ተጣብቋል፣ ለቢላዋ አይበገርም። ከዳሌው ወደ ታፋው በሥጋው መካከል የሚወርደው ነርቭ ግን ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ጣት የሚያህል ነገር ነው፤ እየቀጠነ ይሰራጫል እንጂ አጥንት አያስርም፤ በጥፍር ቢፈለቅቁት ወደ ቀጫጭን ክሮች ይከፋፈላል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያስራል፤ ነርቭ ያደርሳል። ሥራቸው ካልተገናኘ ስማቸው ሊገናኝ አይገባም።

ለእኔ ቢተው «ሥርው»ን አስነሥቼ ለነርቭ ብሰጠው እወድ ነበር፤ ቃሉ የራሳችን ነው፣ የመሰራጨትንም ስሜት ይዟል። ግን ሕዝቡ «የነርቭ ሐኪም»፣ «ነርቩን ነካው» እያለ ከተናገረ ቆይቷልና «ነርቭ» አማርኛ ሆኗል። ሳልወድ ተቀብዬዋለሁ።

የአደረጃጀቱ ስሞች ብዙ አያከራክሩም። ማዕከላዊው ክፍል አንጎልና ሐብለ ሠረሠር ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ከአንጎል የሚወጡት 12 ጥንድና ከሐብለ ሠረሠር የሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች ከነቅርንጫፎቻቸው ናቸው። ከነዚህ ገሚሱ በፈቃዳችን እጅና እግራችንን ያንቀሳቅሳል፤ ገሚሱ ሳንጠይቀው ልብን፣ አንጀትንና ላብን ያስተዳድራል። «አንጎል» አካሉ ነው፤ «አእምሮ» ግን «አእመረ» ከሚለው፣ ዐወቀ ማለት ከሆነው ግስ የወጣ በመሆኑ ማወቅ ነው እንጂ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ሥጋ አይደለም። «ሐብል» በግዕዝ ገመድ ነው፤ አንገት ላይ የሚጠለቀው ሐብልም እሱው ነው። ስለዚህ «ህብለ ሰረሰር» ተብሎ ሲጻፍ ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ ዛሬ ሐኪሙም መምህሩም የሚጽፈው ግን እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ግሱ። በአንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ህዋሶች አሉ። እያንዳንዷ አካል አላት፤ ከአካሏ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጉ መቀበያዎችና አንድ ረዥም መላኪያ አላት። መቀበያዎቹ «ዴንድራይት»፣ መላኪያው «አክሰን» ይባላል። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው አክሰን በአዋቂ ሰው ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ህዋሷ ባረፈችበት ጊዜ ውስጧ ከውጭዋ አንጻር በ70 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ነው። በቂ መነካት ሲደርስባት በሽፋኗ ላይ ያሉት በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ ለአንድ አፍታ አዎንታዊ ይሆናል፤ ወዲያው ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ ለውጥ ከቦታ ወደ ቦታ እየተቀጣጠለ አክሰኑን ተከትሎ ይሄዳል፤ ማየሊን የሚባለው ስባም ሽፋን ባለባቸው ወፋፍራም አክሰኖች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይጓዛል። ለዚህ ጉዞ አማርኛ ውብ ቃል አለው፤ ክርናችን ከበር ጠርዝ ጋር ሲጋጭ «ነዘረኝ» እንላለን። እዚያ ቦታ ላይ ነርቩ በአጥንትና በቆዳ መካከል ሳይሸፈን ስለሚያልፍ ነው የሚሰማን፤ ኤሌክትሪክ ሲይዘንም «ነዘረኝ» ነው የምንለው። ስለዚህ በአክሰኑ ላይ የሚሄደውን «ንዝረት» ለሚሉ ጸሐፊዎች ሙሉ ድምፄን እሰጣለሁ።

ንዝረቱ ከአክሰኑ ጫፍ ሲደርስ ግን መንገዱ ያበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው ትልቁ ክርክር ይኸው ነበር። ጣሊያናዊው ጎልጂ ነርቮች ሁሉ ያልተቆራረጠ አንድ መረብ ናቸው አለ፤ ስፔናዊው ራሞን ካሃል የጎልጂን ራሱን የማቅለሚያ ዘዴ ተጠቅሞ እያንዳንዷ ህዋስ ለብቻዋ የቆመች መሆኗን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለቱም በአንድነት የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ጎልጂ በዚያው መድረክ ላይ ስለ መረቡ ይከራከር ነበር። ልክ የነበረው ካሃል ነው። በአንዲቷ ጫፍና በቀጣይዋ መካከል ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚሆን ክፍተት አለ። ንዝረቱ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ጫፉ ይገባል፤ በጥቃቅን ከረጢቶች የታጨቀው ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል፤ ማዶ ያሉት ተቀባዮች ይይዙታል። ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንዲት እንቁራሪትን ልብ በነርቭዋ በኩል አነቃቅቶ ምቷን አዘገየ፤ ልቧ ተዘፍቃ የነበረችበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውር ያችኛዋም ዘገየች። መልእክቱን ያሻገረው ኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ኋላም አሴቲልኮሊን የሚባለው ሆኖ ተገኘ።

ከረጢቶቹ በላኪዋ በኩል፣ ተቀባዮቹ በማዶ ናቸው። ስለዚህ መልእክቱ የሚሻገረው በአንድ አቅጣጫ ነው። «ተለዋወጠ» ስንል ግን እያንዳንዱ ሰጥቶ እያንዳንዱ ተቀብሏል ማለታችን ነው፤ ሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ ሲባል አንዱ ብቻ ሰጥቶ ከሆነ ንግግሩ ሐሰት ነው። «ተቀባበለ» የሚለው ግስ የተሠራው በትክክል ለዚህ ጉዳይ ይመስላል። ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን ሲልክ ተሳፋሪዎቹ ይቀባበሉታል፤ እያንዳንዱ ከኋላው ይቀበላል፣ ወደ ፊት ያቀብላል፣ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል። «ዱላ ቅብብል» የምንለውም በዚሁ ትርጉም ነው።

«ተቀባበለም እንደ ተለዋወጠ ሁሉ በተደራራጊ አምድ የተገኘ ነው፤ ስለዚህ ልዩነት የለውም» የሚል ክርክር ገጥሞኛል። አምዱ፣ ማለትም ድርጊቱ እርስ በርስ መሆኑን የሚያሳየው የግስ ቅርጽ፣ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ የግሱ ሥር ግን አንድ አይደለም። «ለወጠ» አንዱን በሌላው መተካትን ይዞ ስለሚነሣ ሲደራረግ ምትክ ይጠይቃል፤ «ተቀበለ» የሚጠይቀው ሰጪና ተቀባይ መኖሩን ብቻ ነው፤ ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል። ሁለት ዘማሪዎች ፊት ለፊት ሲቀባበሉ አቅጣጫው ሁለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግሱ ለዚያም ይሆናል፤ አያስገድድም እንጂ።

ቦታውንም ከዚሁ ግስ «መቀባበያ» ብዬ ብጠራው ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1897 ያስገባው «ሲናፕስ» በግሪኩ አብሮ መያያዝ ማለት ነው፤ ክፍተት ላለበት ቦታ ከእኔው ቃል ያነሰ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። መምህራኑ «ሲናፕስ» ማለትን መርጠዋል፤ ልጅዎም በዚያው ትቀጥል።

ስለ «ይለዋወጣሉ» ግን ልጅዎ በደብተሯ «ይቀባበላሉ» ብላ ብትጽፍ መምህሯ ስሕተት ሊላት አይችልም፤ ምንም እንኳ ቃሉ ዛሬ በየመጽሐፉና በየዜናው ገብቶ ከመለመዱ የተነሣ የሚነቀል ባይመስለኝም። አንድ ቦታ ላይ ግን እኔም እፈቅድለታለሁ። ጥቂት የነርቭ ህዋሶች ሽፋናቸው እጅግ ተቀራርቦ በመካከላቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሏቸው፤ በነዚያ በኩል ያለ ኬሚካል መልእክተኛ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በቀጥታ ያልፋሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወዲያም ከወዲህም መሻገር ይችላሉ። ስለ እነዚህ የሚጽፍ ሰው «ይለዋወጣሉ» ቢል ግሱ ቦታውን አግኝቷል።